በሚያልቧት ጊዜ ወተቷን ስለምትከለክል ላም

አንዲት ላም ብቻ ላለችው ቤተ ሰብ ላሚቱ ትልቅ ሀብት ናት። ሕፃኑ የሚጠጣው ወተት፥ እመቤቲቱ የምታወጣው ቅቤ፥ ለገበያ የሚወጣውም አይብ ሁሉ ከዚያችው ከአንዲቱ ግት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ላሚቱ በሚያልቧት ጊዜ ወተቷን የከለከለች እንደ ሆነ ቤቱ ሁሉ ይታወካል። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው ክፉ አመል አለባት ብሎ በዱላ ይመታታል፤ ሦስተኛውም በርካሽ ዋጋ ይሸጣታል። የገዛትም ሰው በቤቱ ወተት ባጣ ጊዜ ሻጩን አታለልኸኝ ብሎ ይከሰዋል፤ ነገሩም ከሽማግሌ አልፎ ከሹም ፊት ይደርሳል። እንግዲህ የአገር ሹማምንት ምክርና ፍርድ ከመስጠታቸው አስቀድሞ የነገሩን ምክንያት ማወቅ ይገባቸዋል።

ወተት በግት ውስጥ፥ ውሃ በእንስራ እንደሚቀመጥ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተጠራቅሞ የሚቆይ አይደለም። ከጡቶቹ በላይ ባለው ባዶ ስፍራ የሚጠራቀመው ጥቂቱ ነው። የሚበልጠው ወተት ግን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ተይዞ ይኖራል። ይህንን ወተት አላቢው ጣቱን በማጠንከር ጎትቶ ሊያወጣው አይችልም። ጥጃው ሲጠባ ወይም እጅ ግቱን ሲያሻሽ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ከአንጎል ሥር ካለችውም ትንሽ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይፈስሳል። ደሙም ወደ ግት ባደረሰው ጊዜ ከረጢቶቹ ይጨመቃሉ፤ ወተቱም ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሆርሞኑም ኃይል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደክማል።

ይህን ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ. ም. ኢሊና ፒተርሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በፈተና አስረድተዋል። ከግቱ በአንደኛው ወገን ያለውን ነርቭ ቆርጠው ላሚቱን ባሳለቧት ጊዜ ነርቭ ከተቆረጠበትም ወገን ወተቱ ወረደ፤ በዚህም ወተቱን የሚያወርደው በደም የሚመጣ ነገር መሆኑ ታወቀ። ደግሞም ላሚቱን ለማስደንገጥ ድመት በጀርባዋ ላይ አስቀምጠው በየ10 ሴኮንዱ ለ2 ደቂቃ ያህል የወረቀት ከረጢት ያፈነዱ ነበር፤ ኋላ ግን ድንጋጤው ያለ ድመቲቱም የሚበቃ ሆኖ ስለ ተገኘ ድመቲቱ ቀረች። የደነገጠችው ላም ወተቷን ያዘች። የፈራ እንስሳ በደሙ ውስጥ አድሬናሊን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ይለቃልና፥ እርሱም የኦክሲቶሲንን ሥራ ያግዳል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ላሚቱ ወተቷን የምትይዘው በተንኮል አለመሆኑን ነው። በዱላ የሚመታትም ሰው የወተቱን መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል። አላቢው ቢለወጥ፥ ውሻ ቢጮኽባት፥ የማታውቀው ሰው አጠገቧ ቢቆም እንኳ ልትከለክል ትችላለች።

የአገራችን ላሞች ደግሞ፥ የፎገራም የቦረናም የአርሲም ቢሆኑ፥ ጥጃቸውን ሳያዩና ሳይልሱ ለመታለብ እጅግ ያስቸግራሉ። አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ተብሎ መመረቁ ያለ ነገር አይደለም፤ እንቦሳ ከታሰረበት ቤት ወተት አይጠፋምና። ጥጃው የሞተ እንደ ሆነ ብዙዎቹ ፈጥነው ይነጥፋሉ። በብዙ አገር ያለ ባላገር የሞተውን ጥጃ ቆዳ በገለባ ሞልቶ በላሚቱ ፊት ማቆሙ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህም ከላይ ከተነገረው እውቀት ጋር የሚስማማ ብልሃት ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ለባላገሩ የሚከተለውን ያስረዱ፤

1ኛ. ላሚቱን ዘወትር አንድ ሰው፥ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ይለባት፤ በስሟ እየጠራ በለዘበ ድምፅ ይቅረባት።

2ኛ. ጥጃው አስቀድሞ ጥቂት ይጥባ፤ ከዚያም ግቱ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይታሽ። ግቱ ሲያግት ወዲያው ይታለብ፤ በመካከል ጨዋታና መዘግየት አይሁን።

3ኛ. ለጥጃው የሚበቃ ወተት ይቅርለት። ዛሬ ከጥጃው ላይ የተቀነሰ ወተት ጥጃው በሞተ ጊዜ ነገ ከቤቱ ሁሉ ይቀነሳል።

4ኛ. ጸጥተኛ የነበረች ላም በድንገት መራገጥ ከጀመረች ግቷ ይመርመር። ጡቱ የተሰነጠቀ፥ ግቱ ያበጠና የሚያተኩስ፥ ወተቱም የረጋ ወይም ደም የቀላቀለ እንደ ሆነ ሕመም ነውና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

በክርክርም ጊዜ ይህ ይታሰብ። በሻጩ ደጅ መልካም ስትታለብ የነበረች ላም በገዢው ቤት በማግስቱ ብትከለክል ሻጩ አታለለ ለማለት አይበቃም፤ አገሩም ሰውም ተለውጦባታልና። ዳኛው አስቀድሞ ጥጃዋ አብሯት መጥቶ እንደ ሆነ፥ የሚያልባትም ማን እንደ ሆነ፥ በዱላ ተመትታም እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ እስክትለምድም ጥቂት ቀን ይስጥ። ብዙ ጊዜ ያን ቀን የታገሠ ገዢ ላሙን፥ ሻጩም ስሙን፥ ጎረቤታሞቹም ፍቅራቸውን ሳያጡ ይቀራሉ።