የጀርባ ሸክምና የአከርካሪ ዲስክ

በከሚሴ ዙሪያ ገጠር እናቶችና እኅቶች ውሃ በጀርባቸው አዝለው ሲሄዱ እናያለን። 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል፣ ማለትም 196 ኒውተን ይከብዳል። ተሸካሚዋ ቀጥ ብላ ስትቆም ይህ ክብደት የወገቧን ዲስኮች ወደ ታች ይጫናል። 30 ዲግሪ ስታጎነብስ ግን፣ የሰውነቷን ክብደትና የጡንቻዎቿን ጉተታ ሳንቆጥር፣ ግማሹ፣ ይኸውም 98 ኒውተን፣ የላይኛውን አጥንት በታችኛው ላይ ወደ ፊት ሊያንሸራትት ይገፋል። የዲስኩ መካከል ዝልግልግ ስለሆነ ጭነትን እንጂ መንሸራተትን እምብዛም አይቋቋምም። መንሸራተትን የሚገቱት በዙሪያው እየተላለፉ የተደረደሩት የኮላጅን ክሮችና ከበስተኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው። ክሮቹ ዘወትር ሲሳቡ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ዳገት የሚወጣ ተሸካሚ ግን ሳያጎነብስ አይሆንለትም፤ ስለዚህ «ቀና በሉ» ብለን ከመምከር ይልቅ ሸክሙን ለአህያ ወይም ለጋሪ ማስተላለፍ፣ ከሁሉም በላይ ውሃውን ወደ መንደሩ ማቅረብ ይሻላል እንላለን።