የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ በጠመንጃ ላይ እንዴት ይስተካከላል?

መቀመጫውን በስዊድን ማልሞ ከተማ ያደረገው ኤይምፖይንት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ያቀረበው የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ በመጀመሪያ የታሰበው ለአዳኞች ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም በ1997 መሣሪያውን ለመግዛት ከኩባንያው ጋር ውል ገብቷል።

ብዙዎች ከሌዘር ጋር ቢያምታቱትም ነጥቡ በዒላማው ላይ አያርፍም፤ ከትንሽ አምፑል የሚወጣው ብርሃን በመስታወቱ ተንጸባርቆ ለተኳሹ ዓይን ብቻ ይታያል። በመሆኑም ነጥቡ ደምቆ መታየቱ ጥይቱ እዚያው ለማረፉ ዋስትና አይሆንም።

ማነጣጠሪያው ከመገጠሙ በፊት ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ ይረጋገጣል። የመያዣው ብሎኖች አምራቹ በወሰነው መጠን መጥበቅ አለባቸው፤ መያዣው ከላላ ቀጣዩ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ማስተካከሉ በ25 ሜትር ርቀት ቢጀመር ጥይትም ጊዜም ይቆጥባል። ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ተደርጎ ከሦስት እስከ አምስት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የምልክቶቹ መካከለኛ ቦታ ይለካል፤ በአንድ ጥይት መፍረድ አይገባም። ከኩባንያው ምርቶች በብዙዎቹ ማስተካከያው አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ በ100 ሜትር 13 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ሜትር ግን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይዛወራል። ጀማሪዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በ25 ሜትር የታየን የ3 ሴንቲ ሜትር ስህተት ለማረም 9 ጊዜ ያህል ማዞር ያስፈልጋል።

በቅርብ ርቀት የተናቀች ስህተት በ100 ሜትር አራት እጥፍ ትሰፋለች፤ ይህም ለአዳኝ እንስሳውን ወዲያው በመጣልና አቁስሎ በመልቀቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማረጋገጫ በሚታደንበት ርቀት ላይ ይደረጋል። መያዣው ተፈትቶ ዳግም ሲገጠም ወይም የጥይቱ ዓይነት ሲለወጥም ሙከራው ይደገማል።