ማሽኑ ሳይጠፋ ሲዛወር፦ የላይቭ ማይግሬሽን ኮድ ስገመግም የማየው

ላይቭ ማይግሬሽን ማለት በሥራ ላይ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ሳያጠፉ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ከእኔ ሰፈር ከግሪን ቫሊ ራንች ዕቃ ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር የገባ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ቤተሰቡ ቤት የሚቀይረው ቡናውን ሳያቋርጥ ነው።

መጀመሪያ የሜሞሪው ፔጆች በሙሉ ይላካሉ። ማሽኑ ግን እየሠራ ስለሆነ ከተላኩት አንዳንዶቹ ይለወጣሉ፤ እነሱ ተመዝግበው ደግመው ይላካሉ። ቀሪው ሲያንስ ማሽኑ ለቅጽበት ይቆማል፣ የፕሮሰሰሩና የመሣሪያዎቹ ሁኔታ ይሻገራል፣ ሥራው በአዲሱ ሰርቨር ይቀጥላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የዜን ተመራማሪዎች ተጫዋቾች ያሉበትን የኩዌክ 3 ጌም ሰርቨር 60 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ አቁመው አዛውረዋል።

በኪሙ (ከኬቪኤም ጋር የሚሠራው ኢሙሌተር) ላይ የቀረበ ለውጥ ስገመግም ቀድሜ የምጠይቀው «ኮዱ ይሠራል ወይ?» ብዬ አይደለም። «በሌላኛው ጫፍ ያለው አሮጌ ቅጂ ይህን ማንበብ ይችላል ወይ?» ነው።

አንድ ሰው በኔትወርክ ካርድ ሁኔታ ላይ ባለ 4 ባይት ቆጣሪ ጨመረ እንበል። መረጃዎቹ የየራሳቸው ስም ሳይለጠፍባቸው በተራ ነው የሚላኩት። አሮጌው ቅጂ ቆጣሪውን ካልጠበቀ ተከታዩን ሁሉ በ4 ባይት አዛንፎ ያነባል። የቨርዥን ቁጥሩ ከፍ ቢል ደግሞ አሮጌው ጨርሶ አልቀበልም ይላል። ይሄም አይበጅም፤ ብዙ ሰርቨር ያለው ድርጅት የሚያሻሽለው በየተራ ስለሆነ አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ ማሻሻያው ከከሸፈም ማሽኖቹ ወደ አሮጌው መመለስ አለባቸው።

መውጫው ሰብሴክሽን ነው፦ የራሱ ስም ያለው፣ ሲያስፈልግ ብቻ የሚላክ ክፍል። መላኩን የሚወስነው «ያስፈልጋል ወይ» የሚለው ፈንክሽን ነው። ሁለት መስመር ብትሆንም ከሁሉም በላይ የምቆየው እሷ ላይ ነው። ሁልጊዜ «አዎ» የምትል ከሆነ ሰብሴክሽኑ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ የማየው ተቀባዩን ነው። ከላኪው የመጣን ቁጥር ሳይፈትሽ የአሬይ ርዝመት አድርጎ ከተጠቀመበት፣ ተንኮለኛ መረጃ ከተመደበው ሜሞሪ ውጭ ሊጽፍ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኪሙ ላይ እንዲህ ያሉ በርካታ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል።

ከአዲስ ወደ አዲስ ብቻ የተሞከረ ለውጥ ሲመጣልኝ እመልሰዋለሁ። ከአዲስ ወደ አሮጌ፣ ያውም ማሽኑ ሥራ በዝቶበት እያለ ይሞከርልኝ።