ኒካሕ ሲታሰብ የሚዘነጋው ምክር

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ በጉንደ ወይንም ጭምር፣ ልጁን የሚድር ቤተሰብ ብዙ ይመክራል። መህሩ ይነገራል፤ ወሊዩና ምስክሮቹ ይታወቃሉ፤ የድግሱ ጤፍ ይፈጫል። ሙሽራይቱ ነገ ስለምትፀንሰው ልጅ ጤንነት ግን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ምክሩ የሚጀመረው ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ አንዱ ትልቅ ምክር አልፏል እንላለን። ለምን?

የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት ገና በጠዋቱ ነው። መጀመሪያ ተዘርግቶ የነበረው ክፍል ተጠቅልሎ እንደ ቧንቧ ይገጥማል። ይህም ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ያበቃል። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች እርጉዝ መሆናቸውን እንኳ አላረጋገጡም። ቧንቧው በጀርባ በኩል ሳይገጥም ከቀረ ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ የሚሉት ችግር ይከሰታል። ሕፃኑ እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱ ውስጥም ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። በራስ በኩል ካልገጠመ ደግሞ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። በአዲስ አበባ፣ በአማራና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ በአገራችን ከብዙ አገሮች ይልቅ እንደሚበዛ አሳይተዋል።

መከላከያው ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነና በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የፀነሱ እናቶች ከመፀነሳቸው አስቀድመው ሲወስዱት ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ስለዚህ መውለድ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ ቢያንስ ከ1 ወር አስቀድማ፣ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ይመከራል። ችግሩ ቀድሞ የደረሰባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ወይም የስኳር ሕመም ያለባት እህት ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንላት።

«ጎመን፣ ምስርና ሽሮ እንበላ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ አይተው። ነገር ግን ጎመኑ ብዙ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በፋብሪካ የሚመረት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ በአገራችን ወጥቷል። የራሱን ጤፍ ወቅቶ በወፍጮ ቤት ለሚያስፈጭ ገበሬ ግን ይህ ጥቅም አይደርሰውም። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒንም ደም ማነስን ይከላከላልና መወሰድ አለበት። ሆኖም በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር ለክትትል ለምትመጣ እናት የህብለ ሰረሰሩ ጉዳይ አብቅቷል።

እንግዲህ ምክሩ ኒካሕ ሲታሰብ ይጀመር። እናት ለልጇ፣ አክስት ለእህቷ ልጅ ትንገር። ሙሽሮቹ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ይጠይቁ። የእርግዝና መከላከያ ለማቆም ያሰበች እናትም እንዲሁ ታድርግ። ባልም «የሴት ነገር ነው» ብሎ አይራቅ፤ ክኒኑን መግዛትና ማስታወስ የእርሱም ኃላፊነት ነው። በረመዳን ክኒኑ ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ሊወሰድ ይችላል።

ጉዳት ያለበት ልጅ ሲወለድ «ጅን ነክቷት ነው፤ ኃጢአት ሠርታ ነው» እያሉ እናቲቱን ማሳቀቅ ግፍ ነው። ክኒኑን በአግባቡ የወሰደችም ሊያጋጥማት ይችላል። ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ እንጂ እቤት አይደበቅ፤ በቀዶ ጥገና የሚረዳ አለና።

ልጅ የአላህ አማና ነው። ቀደሩ የእርሱ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ነው። አላህ ጤናማና ሷሊህ ልጆችን ይስጠን። አሚን።