ከድምፁ በፊት ጆሮው

«ልጄ ድምፁ ያምራል፤ ሙዚቃ ላስተምረው ወይ?» የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። በእኔ እምነት አስቀድሞ መታየት ያለበት ጆሮው ነው።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪ ኤድዊን ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የሕፃናት መመዘኛ ልጁ ዝፈን አይባልም። ሁለት አጫጭር ዜማዎች ይሰማና አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ ተብሎ ይጠየቃል። ማንበብ ለማይችሉት ሲባል መልሱ የሚሰጠው ተመሳሳይ ወይም የተለያዩ ፊቶችን በማክበብ ነው። እንደ ጎርደን አባባል ዝንባሌው እስከ 9 ዓመት ገደማ እንደሚሰማው ዜማ ብዛትና ጥራት ከፍም ዝቅም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይረጋል። «መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ» የሚለው የተለመደ አነጋገር የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። (ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው «አዝማሪ ሊሆን ነው?» የሚል ስጋት አለ።)

ፈተናው በምዕራባውያን ስኬል የተሠራ በመሆኑ እንዳለ መቅዳቱን አልደግፍም። ትዝታና አንቺሆዬ እየሰማ ላደገ ልጅ በእኛው ቅኝት መሞከር ይሻላል። በክራር አንዲት አጭር ዜማ በትዝታ፣ ቀጥሎ በባቲ ተጫወቱለት። ልዩነቱን ስም ባይሰጠውም «ተቀየረ» ካለ ጆሮው እየሠራ ነው።

ዘግይቶ የተገኘም አለ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። በገባበት ሊንደስፋርን ኮሌጅ ግን ሙዚቃ በመማሩ መንገዱ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ቦስተኑ በርክሊ ዞረ። ሙዚቃ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ቢገባ ኖሮ ምናልባት መሐንዲስ ሆኖ ይመለስ ነበር።