በክርክር ፍቺ ጥፋትን መጥቀስ ወይስ አለመጥቀስ



በቤተሰብ ሕግ ክፍለ ጊዜ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «አንደኛው ተጋቢ ፍቺ ሲጠይቅ ሌላኛው ቢቃወም፣ ጠያቂው የባላጋራውን ጥፋት በአቤቱታው መዘርዘር አለበት ወይስ የለበትም?» ጥያቄው የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ለምትኖር ሴት መልሱ ጊዜዋን፣ ጥሪቷንና ክብሯን የሚነካ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ምክንያቶችን ከባድና ሌሎች ብሎ ይከፍል ነበር። ማመንዘር፣ እንዲሁም የጋብቻን መኖሪያ ትቶ ሁለት ዓመት አድራሻን አጥፍቶ መቅረት ከከባዶቹ ይቆጠሩ ነበር። ፍቺውን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ንብረት የሚደርሰው ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። በዚያ ሥርዓት ጥፋትን ማስረዳት ማለት ንብረትን ማስከበር ማለት ነበር።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ማሰሪያ ፈታው። ጠያቂው ምክንያቱን መግለጽም አለመግለጽም ይችላል። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ያነጋግራል፤ ወደ ሽማግሌዎች ሊመራቸው ወይም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ ሁሉ ካላስታረቃቸው ፍቺውን ይወስናል። የሽማግሌዎቹ ሥልጣንም በማስታረቅ ተወስኗል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በመሠረቱ ይህንኑ መንገድ ስለተከተለ፣ የተጠሪው ተቃውሞ ፍቺውን ሊያዘገየው ይችል ይሆናል እንጂ አያስቀረውም።

ታዲያ ጥፋት ከሕጉ ወጥቷልን? አልወጣም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 84 መሠረት፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ለጋብቻው መፍረስ ተጠያቂ የሆነው ተጋቢ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። ጥፋት እንግዲህ ዛሬ የካሣ መሠረት ነው፤ የፍቺ መግቢያ በር መሆኑ ቀርቷል። የጋራ ንብረትም በመርሕ ደረጃ በእኩል ይከፈላል። የልጆች አስተዳደግ የሚወሰነው የልጆቹን ጥቅም፣ ዕድሜና የወላጆቹን ሁኔታ በማየት ነው።

አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እናቁም። ከነፋስ መውጫ ራቅ ባለ ቀበሌ የምትኖር ሴት ባሏ ይደበድባታል፤ ፍቺ ስትጠይቅ ደግሞ «ትዳሬን አልፈታም» ይላል። ስለ ማመንዘሩ ከሰማችው ወሬ ጀምራ ሁሉን ብትጽፍ፣ እያንዳንዱ ነገር ይካዳል፣ ምስክር ይጠራል። ምስክሮቹ ጎረቤትና ዘመድ ናቸው፤ የእርሻ ቀናቸውን ትተው፣ ነገ አብረውት በሚኖሩት ሰው ፊት መናገር ይከብዳቸዋል። በዚህ ሁሉ የምታተርፈው ፍቺ ግን ያለዚያም የምታገኘው ነው። በአንጻሩ ድብደባው በጤና ጣቢያ ካርድ ወይም በፖሊስ መዝገብ የተረጋገጠ ከሆነ፣ ዝም ብላ ማለፏ የካሣ መብቷን ሊያሳጣት ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የፍቺ ጥያቄው አጭር ይሁን፤ በጥፋቱ ላይ አይንጠልጠል። ካሣ የሚጠየቅ ከሆነ ጥፋቱ፣ ጉዳቱና ማስረጃው ተለይተው፣ ራሱን የቻለ የዳኝነት ጥያቄ ሆነው ይቅረቡ። ማስረጃ የሌለው ክስ ይቅር። በክልሉ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታም የክልሉን አዋጅ አንቀጽ ይጥቀስ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ሽምግልና የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ነው፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ ማን ይክሳል፣ ማንስ ይቅር ይላል? ለዕርቅ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለጉዳዮች፣ አንዳንድ ጊዜም እኛው የሕግ ባለሙያዎች፣ የሽምግልናውን ጥያቄ ይዘን ችሎት ስንገባ ነው። ችሎቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ጋብቻ ሊቀጥል ይችላል ወይ? ተበዳይዋ በደሏን እንድትናገር መብት አላት፤ ነፃነቷን ለማግኘት ግን በደሏን የማስረዳት ግዴታ የለባትም። ወደ ችሎት ስትወጡ ይህን ልዩነት ለባለጉዳዮቻችሁ አስቀድማችሁ አስረዱ።