ጨው የማያድነው ዓይን

ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነስቶ በአንኮበር በኩል ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ለሚወርድ ሰው በጉ እየቀነሰ ፍየሉ እየበዛ ይሄዳል። ፍየል እንደ በግ አንገቷን ደፍታ ሣር ስትግጥ አትውልም፤ በኋላ እግሮቿ ቆማ ፊቷን ግራርና ከንተፋ ውስጥ ከትታ ትቀነጥባለች። ዓይኗን እሾህ ቢወጋት አያስገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው፤ ዓይኗ እንባ ሲያፈስና ነጭ ሲለብስ ጨው ወይም ትንባሆ ታኝኮ ይተፋበታል።

ይህን የሚያደርጉ አርቢዎች «ስንቱን አድነንበታል» ሲሉ አይዋሹም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። የፍየልን ዓይን ነጭ ከሚያለብሱት ሕመሞች መካከል ማይኮፕላዝማና ክላሚዲያ የተባሉ ተህዋሲያን የሚያመጡት ተላላፊ ሕመም አንዱ ነው። ዝንብ፣ አቧራና የጋጥ መጣበብ ያዛምቱታል። በዚህ የታመሙ ፍየሎች አብዛኞቹ ምንም ሳይደረግላቸው በጥቂት ሳምንታት ይሽራሉ። ጨው የተተፋባትም ያልተተፋባትም ትድናለች፤ ምስጋናው ግን ለጨው ይሆናል። እሾህ የወጋው ዓይን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨውና ትንባሆ የተላጠውን ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይኑን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ ያቃጥላሉ፣ የአፍ ባክቴሪያ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ እሾሁም እዚያው እንዳለ ይቀራል። ሊድን ይችል የነበረ ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት ከመደረጉ በፊት ዓይኑ ይታይ። ሕመሙ ከአንድ ፍየል ወደ ሌላው ከተዛመተ ተላላፊ መሆኑን እንጠረጥራለን፤ አንዲት ፍየል ብቻ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከቆመች ግን እሾህ ወይም የሣር ቅንጣት ይፈለጋል። አንድ ሰው ራሷን አጥብቆ ይያዝ፣ ፊቷ ወደ ብርሃን ይዙር። የታችኛው የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ ይደረግ፤ በላይኛው ቆብ ላይ የዓይኑን ኳስ በስሱ ጫን ሲሉት ከአፍንጫ በኩል ሦስተኛው ቆብ ብቅ ይላል። የሣር ቅንጣት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከእሱ ሥር ነው። በጨው ውኃ ታጥቦ ይወጣል፤ ከዚያ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይደረጋል። ኮርኒያው ውስጥ የተሰካ እሾህ ግን አይነቀልም፤ የዓይኑ ውኃ ሊፈስ ስለሚችል ለሐኪም ይተዋል። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታም ቁስል ባለበት ዓይን አይገባም፤ መቅላቱን እያስታገሰ ቁስሉን ያከፋዋል።

«አንተስ ጨው ታዝ የለም ወይ?» ለሚለኝ መልሴ መጠኑ ነው። እኔ የምለው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው ነው፤ ያ ከእንባ ጨዋማነት ጋር ስለሚቀራረብ አያቃጥልም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ የእንስሳት ጤና ኬላው ሩቅ ነው፣ ለአንዲት ፍየል ዓይን ማን ቀኑን ያጠፋል? ማየቱና ማጠቡ ግን ኬላ አያስኬድም። ደግሞም ዓይን ርካሽ አይደለም። በዚያ ገደል ላይ የምትሰማራ ፍየል የማታይበት ጎን አደጋ ነው። ለአረፋ የሚታረድ እንስሳም አንድ ዓይኑ በግልጽ የጠፋ ከሆነ ስለማይሆን፣ ባለቤቱ ከደህናዎቹ ገበያዎች አንዱ ያመልጠዋል።

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። ግራሩን ከግጦሽ ማጥፋት አይቻልም፤ ምግቧም እሱው ነው። ጋጡ ግን በእጃችን ነው። ፍየሎቹ ተጋፍተው በሚገቡበት በር ግራና ቀኝ፣ በዓይናቸው ቁመት ላይ ያለው የአጥር እሾህ ይመልመል። ወተቱ ዓይን የሚያቃጥለው ቅንጭብና ቁልቋልም ፍየሎቹ አጠገብ አይቆረጥ። ፋንድያው ቶሎ ቶሎ ይጠረግ፣ ዝንቡ ይቀንሳል፤ ዓይኗ የታመመችውም እስክትሽር ለብቻዋ ጥላ ውስጥ ትታሰር።